ጊታርና የጣት ሕመም፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጊታር የማስተምራቸው ልጆች በመጀመሪያው ወር ስለ ኮርድ (አብረው ስለሚመቱ ድምፆች) ከሚጠይቁኝ ይልቅ ስለ ጣታቸው የሚጠይቁኝ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ከመደጋገም ብዬ መልሱን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ «ቻለው፣ ይለመዳል» የሚለውን ምክር የምቀበለው በግማሽ ነው። ጣት ይለምዳል። ክሩ ከኔኩ (ከጊታሩ አንገት) ርቆ የተንጠለጠለ ጊታር ግን ዓመት ሙሉ ቢለማመዱበትም ያው ነው።

«ግራ እጅ» የምለው ክር የሚጫነውን እጅ ነው። ግራኝ የሆናችሁ ገልብጣችሁ አንብቡት።

መጅ ለማውጣት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ለሚጫወት ሰው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ሕመሙ ይቀላል። ቆዳው በቅጡ እስኪደድር ግን ሁለት ሦስት ወር ይሄዳል። ቆዳ አንድ ቦታ ላይ ደጋግመው ሲጫኑትና ሲያሹት ኬራቲን የሚባለውን ጠንካራ ፕሮቲን አብዝቶ ያመርታል፤ የላይኛው የሞተ ሽፋንም እየወፈረ ይሄዳል። ይህ ሥራ የሚሠራው ታዲያ ጊታሩ ከተቀመጠ በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት ነው። ስለዚህ ጠዋት 15 ደቂቃ፣ ማታ 15 ደቂቃ የሚነካካ ልጅ ይቀድማል። ሳምንቱን ሙሉ ጊታሩን ሰቅሎ እሑድ ለሦስት ሰዓት ያህል የሚታገለው የሚያተርፈው ቁስል ነው።

ሌላም ነገር አለ። በወሩ መጨረሻ ሕመሙ የሚቀንሰው ቆዳው ስለወፈረ ብቻ ሳይሆን እጃችሁ ምን ያህል መጫን እንዳለበት ስላወቀ ጭምር ነው። ጀማሪ ክሩ የሚያመልጠው ይመስል ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫናል። ይህችን ሞክሯት፦ ጣታችሁን ሳትጫኑ ክሩ ላይ አሳርፉ፤ በቀኝ እጃችሁ ክሩን እየመታችሁ ግራውን ቀስ በቀስ ጫን ጫን አድርጉ። ድምፁ መጀመሪያ ይታፈናል፣ ቀጥሎ ዝዝዝ ይላል፣ ከዚያ ጥርት ይላል። ጥርት ያለበት ላይ አቁሙ። ከዚያ በላይ የምትጨምሩት ጉልበት ሁሉ ለቆዳችሁ ቅጣት ነው፤ ድምፁን አያሳምረውም። ጣታችሁን ደግሞ ከፍሬቱ ብረት (ኔኩን አግድም ከሚያቋርጡት ቀጫጭን ብረቶች) ኋላ፣ ብረቱን ልትነኩት ምንም ሳይቀራችሁ አሳርፉ። በሁለት ፍሬቶች መሃል ላይ የሚጫን ሰው ለተመሳሳይ ድምፅ የበለጠ ጉልበት ያወጣል።

ችግሩ ጣቴ ነው ወይስ ጊታሩ?

እውነቱን ለመናገር፣ ብዙውን ጊዜ ጊታሩ ነው። በተለይ ርካሽ ወይም ከሰው እጅ የተገዛ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከሻንጣና ከማዳበሪያ ጋር ተጭኖ የመጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱን መርምሩት።

መለኪያው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። አንድ የኤቲኤም ካርድ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሦስቱ ሲደረቡ 2.3 ገደማ ይሆናሉ። ሦስት ካርድ ደርባችሁ 12ኛው ፍሬት ላይ፣ በፍሬቱ ብረትና በወፍራሙ (ስድስተኛው) ክር መሃል አስገቡ። ክሩን ሳያነሳ ልክክ ብሎ ከገባ ጊታራችሁ ደህና ነው። አራተኛ ጨምራችሁም ክፍተት ካለ፣ የብረት ክር ላለው አኩስቲክ አክሽኑ (ክሩ ከፍሬቱ ያለው ከፍታ) በጣም ከፍ ብሏል ማለት ነው። ናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ግን በተፈጥሮው ከፍ ይላል፤ አምስት ካርድ ቢወስድ አትደንግጡ። አንድ ተማሪዬ ይዞት የመጣው የብረት ክር ጊታር አምስት ካርድ ውጦ ለስድስተኛው ቦታ ነበረው። ልጁ ጣቱን ሲወቅስ ነው የከረመው።

ሁለተኛው መመርመሪያ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ ነው። ካፖውን አንደኛው ፍሬት ላይ እሰሩና ያንኑ ኮርድ አንድ ፍሬት ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። በጣም ከቀለላችሁ ችግሩ ኔኩ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ነት ነው፤ ጎድጎዶቹ በቂ ጥልቀት የላቸውም። ይህ ለሚጠግን ሰው አጭር ሥራ ነው፣ ሲሠራ ግን ቀጭን ሞረድ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ በቢላ የሚጀምሩት አሉ፤ ተዉት።

ታችኛው በኩል ክሮቹ የሚያርፉበትን ሳድል ግን ረጋ ያለ እጅ ያለው ሰው ራሱ ሊሞርደው ይችላል። ክሩን አላሉና አውጡት፤ የብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ የሳድሉን ሥር ብቻ እሹት። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ከሳድሉ አንድ ሙሉ ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት። የተሞረደ ስለማይመለስ በጥቂት በጥቂቱ እየሞከራችሁ ሂዱ። ኔኩ ውስጥ ያለውን ብረት የሚያጠብቀውንና የሚያላላውን ቁልፍ ግን በግምት አታዙሩ። ሳድሉ የተተከለበት እንጨት ከሆዱ እየተላቀቀ ከሆነ፣ ከሥሩ ወረቀት የሚያስገባ ስንጥቅ ካለ፣ ምንም ሳትነኩ ለባለሙያ አሳዩት።

የትኛው ክር ይሻለኛል?

ለብረት ክር አኩስቲክ «12» ተብሎ የሚጠራውን፣ ማለትም ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነውን ስብስብ አውርዳችሁ «10» ወይም «11» እሰሩ። ድምፁ ትንሽ ይሳሳል፤ ጣታችሁ ግን ያመሰግናችኋል። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ «9» ለጀማሪ ይበቃል። ክላሲክ ጊታር ላይ የብረት ክር ማሰር ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ የብረት ክር ጉተታው ከናይለን ስለሚበልጥ ጊታሩን ሊሰብረው ይችላል። «ድምፁ ይጮሃል» ብለው የሚያስሩ ስላሉ ነው የማነሳው።

ዕድሜው የሄደ ክርም ቆዳ ይቆርጣል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች እጅ ያልባል፤ ላብ ደግሞ ክር ያዝጋል። ተጫውታችሁ ስትጨርሱ በደረቅ ጨርቅ ከላይም ከሥርም ጥረጉት። ጣታችሁን ክሩ ላይ ስታንሸራትቱት ከሻከራችሁ መቀየሪያው ደርሷል።

አዲስ ክር እስካገኝ ሕመሙን የምቀንስበት መላ አለ?

አለ፣ ምንም ወጪም የለውም። ጊታሩን በሙሉ አንድ ቶን (የሁለት ፍሬት ያህል) ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት። የክር ውጥረት ከድምፁ ንዝረት ካሬ ጋር አብሮ ስለሚወርድ፣ አንድ ቶን ዝቅ ሲል ጉተታው 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ግማሽ ቶን ዝቅ ቢል 11 በመቶ ያህል። ከዘፈን ጋር መጫወት ስትፈልጉ ካፖውን ሁለተኛው ፍሬት ላይ እሰሩ፤ ድምፁ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፍሬቶቹም ስለሚቀራረቡ እጅ ይቀለዋል። እኔ ጀማሪን ሁሉ የመጀመሪያውን ወር በዚህ ነው የማስጀምረው።

ጣቴ ቆስሎ እያለ ምን ልለማመድ?

ብዙ የሚያቆስለው ኮርድ ጨምድዶ መያዝና ክር ላይ ማንሸራተት ነው። ኮርዱን ተዉትና ነጠላ ዜማ ተጫወቱ። ወሎ ላይ ተቀምጦ ለዚህ መልመጃ መፈለግ ነውር ነው፤ አምባሰል እዚሁ፣ ባቲ ከኮምቦልቻ ማዶ! ሙሉ ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ በቀጫጭኖቹ ሦስት ክሮች ላይ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ጣትም ጫን ብሎ ወዲያው ያርፋል። አምባሰል ውስጥ ጎን ለጎን የሆኑ ፍሬቶች ስላሉ ልጆች ከአንዱ ወደ ሌላው ማንሸራተት ያምራቸዋል። ዜማውም ይፈልገዋል፣ አውቃለሁ። ሆኖም ቆዳው ለስላሳ እያለ የሚልጠው እሱ ነው፤ ለጊዜው ጣታችሁን አንስታችሁ በሌላው ጣት ምቱት።

ከናካቴው መጫን ካልቻላችሁ ግራ እጃችሁን ክሮቹ ላይ ጋደም አድርጋችሁ ድምፁን አፍኑና የቀኝ እጅ ምት ተለማመዱ። የጀማሪ ምት ከኮርዱ የባሰ ስለሆነ ቀኑ በከንቱ አይሄድም።

ክራር እጫወታለሁ። ጣቴ ስለደደረ ጊታር አያመኝም አይደል?

ያምሃል። ክራር ላይ ክር የሚጫኑበት እንጨት የለም፤ ጣት ክሩን ይነካል፣ ያፍናል ወይም ይነቅላል እንጂ ብረት ላይ አያጣብቀውም። ማሲንቆም ቢሆን ጣት ክሩን በጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። የጊታር መጅ የሚያስፈልገው ከጥፍር ሥር፣ ጣት ጫፉ ላይ ነው። ክራር ግን ጆሮና ጣትን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ስላስተማረህ ከሌላው ጀማሪ በብዙ ትቀድማለህ።

ውዱእ ካደረግኩ ወይም ልብስ ካጠብኩ በኋላ መጫወት እችላለሁ?

ውዱእ አጭር ስለሆነ ችግር የለውም፤ እጃችሁን በደንብ አድርቃችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። ልብስ ማጠብ ግን ሌላ ነው። ሳሙና ውስጥ ግማሽ ሰዓት የቆየ ጣት ተሸብሽቦ ይለሰልሳል፤ በዚያ ሁኔታ ክር ከተጫናችሁ የወር መጅ በአንድ ማታ ይላጣል። አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ዕቃ ለሚያጥብና ልብስ በእጁ ለሚያጥብ የላስቲክ ጓንት ጥሩ ነው፤ አለበለዚያ መጀመሪያ ልምምድ፣ ቀጥሎ እጥበት።

ደግነቱ የምንበላው በቀኝ ስለሆነ በርበሬው ግራ ጣታችንን አያገኘውም። ሽንኩርት ስንከትፍና ቃሪያ ስንሰነጥቅ የሚይዘው ግን ግራ እጅ ነው። በተላጠ ጣት ቃሪያ የሰነጠቀ ያውቀዋል።

አልኮል፣ ኮምጣጤ፣ ሱፐር ግሉ፣ እንሶስላ… የትኛው ያጠነክራል?

አልኮልና ኮምጣጤ ቆዳን ያደርቃሉ እንጂ አያወፍሩም፤ ደረቅ ቆዳ ደግሞ ይሰነጠቃል። በተለይ ደሴ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ በራሱ ስለሚበቃ ሌላ ማድረቂያ አያስፈልግም። ሱፐር ግሉ ውጭ አገር ያሉ አንዳንድ ሙዚቀኞች ኮንሰርት መሃል ጣታቸው ሲሰነጠቅ ይቀቡታል ይባላል። ነገሩ የግዴታ ቀን መላ ነው፤ ለጀማሪ ምን ያደርጋል? ክፍት ቁስል ላይ ደግሞ ያቃጥላል። እንሶስላ የላይኛውን ቆዳ ያቀላል፣ ለሠርግም ያምራል፤ መጅ ግን አይሆንም። «ጥቁር ሒና» ተብሎ ኬሚካል ተጨምሮበት የሚሸጠው ቆዳ የሚያቃጥልበት ጊዜ ስላለ አጥብቃችሁ ራቁት።

ቫዝሊንና ቅቤስ? ማታ ስትተኙ ስስ አድርጋችሁ ብትቀቡ መጁ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ልትጫወቱ ስትሉ ግን አይሆንም፤ ክሩ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ይቆሽሻል።

ጣቴ ውኃ ቋጠረ። ላፍርጠው?

አታፍርጠው። ሽፋኑ ከሥር ላለው አዲስ ቆዳ ፋሻው ነው። እስኪደርቅ ድረስ ከጊታር አርፍ፤ በራሱ ከፈረጠ በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥበህ ሸፍነው። ቆዳውን በጥርስ መቦጨቅ የሚወዱ ተማሪዎች አሉኝ። መጅም ቢሆን ጠርዙ ሲነሳ ክር እየያዘ ያስቸግራል፤ ያን ጊዜ በደቃቅ የጥፍር ሞረድ አለስልሱት እንጂ አትንቀሉት።

ጣት ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀና መግል ከያዘ፣ ወይም ቅላቱ ወደ እጅ መውጣት ከጀመረ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ትንሿንም ቁስል መናቅ የለበትም።

ሕመሙ ጣቴ ላይ ሳይሆን አንጓዬ ላይ ነው።

እሱን መጅ አያድነውም። የእጅ አንጓና የአውራ ጣት ሥር ሕመም፣ ወይም ማታ ማታ የሚነዝር ጣት፣ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአያያዝ ነው፦ አንጓው ከመጠን በላይ ታጥፏል፣ አውራ ጣት ኔኩን ከኋላ ጨምቋል፣ ትከሻ ወደ ላይ ወጥቷል። አንጓውን ቀና አድርጉ፤ ጊታሩን አግዳሚ ከማስተኛት ኔኩን ትንሽ ወደ ላይ አንሱት። መደንዘዙ ጊታር በማትይዙበት ሰዓትም ከቀጠለ ልምምዱን አቁማችሁ ሐኪም አማክሩ።

ኤፍ ኮርድ ለብቻው የሚያሰቃያችሁ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ነቱ ነው። ከላይ ያለውን የካፖ ሙከራ ተመልከቱ።

ደሴ ጠዋት በጣም ይበርዳል። ብርዱ ሕመሙን ያብሰዋል?

አዎ፣ የቀዘቀዘ ጣት ይደነድናል፣ ብረቱም ያቃጥለዋል። ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ ጨበጥ አድርጋችሁ ወይም እጃችሁን ብብታችሁ ሥር ከትታችሁ አሙቁ፤ ከዚያ ቀስ ያለ ነጠላ ዜማ። ከደሴ በሐረጎ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ500 ሜትር በላይ እንደምትወርዱ አትርሱ። ብርድና ሙቀት ሲፈራረቅ እንጨቱም ክሩም ስለሚለዋወጥ እንደደረሳችሁ እንደገና ቃኙ።

ልጄ 9 ዓመቷ ነው፤ ጣቷ ቀላ ብሎ ታለቅሳለች። ላስቁማት?

አያስቁሟት፤ ጊታሩን ይቀይሩላት። ለእሷ ዕድሜ መጠኑ ያነሰ፣ ናይለን ክር ያለው ክላሲክ ጊታር ነው የሚስማማው። የትልቅ ሰው የብረት ክር ጊታር ይዛ ከሆነ እርስዎም ቢይዙት ያስለቅስዎታል። በአንድ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አያልፉ፤ «አመመኝ» ካለች ደግሞ ይመኗት።

ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ የግራ ጣቴ ጫፍ ድሮ በማሽን ተጎድቷል። መጫወት እችላለሁ?

ጠባሳ ያለበት ጣት ስሜቱ ይለያያል፤ አንዱ ምንም አይሰማውም፣ ሌላው ሲነካ ይነዝረዋል። በናይለን ክር ጀምርና ራስህ ታየዋለህ። ከአንተ የባሰ ገጥሞት የተጫወተ ሰው አለ። ብላክ ሳባዝ የተባለው የሮክ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በ1965 እ.ኤ.አ. በርሚንግሃም ውስጥ ቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጧል፤ ግራኝ ስለሆነ የተቆረጠው ክር የሚጫንበት ቀኝ እጁ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር አሰረ፣ በኋላም ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ጀመር። የጃዝ ጊታሪስቱ ጃንጎ ራይንሃርት ደግሞ በ1928 እ.ኤ.አ. እሳት ግራ እጁን ከጎዳው በኋላ ሶሎዎቹን በአብዛኛው በሁለት ጣት ነው የተጫወተው።

መጅ ካወጣሁ በኋላ ስልኬ በጣት አሻራ አልከፍት አለኝ።

ይሄ እውነት ይገጥማል። የቀኝ እጅህን ወይም የአውራ ጣትህን አሻራ መዝግብ።

ሁዳዴን ሙሉ ጊታር አልነካም። ፋሲካ ላይ ከዜሮ ልጀምር ነው?

ረመዳንን የሚያቆሙ ተማሪዎቼም ይህንኑ ይጠይቁኛል። የላይኛው ቆዳ በወር ገደማ ራሱን ስለሚተካ በሁዳዴ 55 ቀን መጁ በአብዛኛው ይሄዳል፤ ከአንድ ወር እረፍት በኋላም በጣም ይለሰልሳል። የእጅ ልምድ ግን አይጠፋም፤ ምን ያህል እንደሚጫን ስለሚያውቅ ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ያጥራል። በቀን አምስት ደቂቃ መነካካት መጁን ያቆየዋል፤ ይፈቀዳል ወይ የሚለውን ግን የምትጠይቁት የንስሐ አባታችሁን እንጂ እኔን አይደለም።

የሚጎዱት ፋሲካ ዕለት ዘመድ ተሰብስቦ «እስቲ ተጫወትልን» ሲል ለስላሳ ጣታቸውን ይዘው ሁለት ሰዓት የሚቀመጡት ናቸው። ሁለት ሦስት ዘፈን ይበቃል፤ ጊታሩንም ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት፣ ዘፋኙም አይጠላውም። ሁለት ወር ተሰቅሎ የከረመ ክር ዝጎ ሊሆን ስለሚችል ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ቀይሩት፤ አዲስ ክር እስኪረጋጋ ድረስ ቅኝቱ ይወርዳል።